አዋ አንጁሎ ቤታችንን ያነሡ ዕለት

አዋ አንጁሎ መሞታቸውን የሰማሁት ገበያ መሐል ቅቤ ስመርጥ ነው። ቅቤ ሻጯ ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር በወላይትኛ ስታወራ ጆሮዬ ስማቸውን ለቀም አደረገ።

«የቱ አንጁሎ?» አልኳት።

«ሽማግሌው ነዋ! ባዶ ቦታውን ሳሮ የሚለው።»

ሳሮ ማለት በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። ለባዶ ቦታ ሰላምታ የሚሰጡ ሰው በሶዶ ከአንድ በላይ አልነበሩምና ሌላ ምልክት አልጠየቅኳትም። ቅቤው መዳፌ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ቀልጦ በጣቶቼ መሐል መንጠባጠብ ሲጀምር ነው የነቃሁት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ በኮባ ቅጠል እጄን እየጠረገችልኝ፣ «ዘመድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ዘመዴ አይደሉም። በአባቴ ጊዜ የአባቴ ገባር ነበሩ፤ ማርና እንጨት ይዘው ደጃችን የሚቆሙ ሰው። ይህን ብላት ውሸት አይደለም፤ ግን ምኑም አልተነገራትም። «ቤታችንን ተሸክመው ያሻገሩ ሰው ናቸው» ብያት፣ እጄ እንደወዛ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለእሷ ሳልጨርስ የተውኩትን ለእናንተ ልጨርሰው።

አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ረጅም፣ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ሲራመዱ ከመሬቱ ጋር ምክር የያዙ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ መልሳቸው «ደክሞኛል» ነው። እንደ አቤቱታ አይሉትም። ሌላው ሰው «እግዜር ይመስገን» እንደሚለው ነው የሚሉት። «ደክሞኛል። አንተስ?» ለሴቱም ለወንዱም አንተ ነው። አማርኛን የለመድኩት ከወታደር ነው፣ ወታደር ደግሞ ሴት ሆኖ አያውቅም እያሉ በራሳቸው ይስቁ ነበር። አንድ ቀን፣ «ደክሞኛል ካሉ ለምን አያርፉም?» ብላቸው፣ «ማረፍም ሥራ ነው፤ ነገ እጀምረዋለሁ» አሉኝ።

አባቴ የሸዋ ወታደር ልጅ ነው። አያቴ ወላይታ ላይ ከዘመተው ጦር ጋር መጥቶ እዚህ መሬትና ገባር ተሰጥቶት ቀረ፤ አባቴ ያንን ወረሰ። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ግን ለአባቴ ተድራ ከሸዋ የመጣች ናት። ሶዶ ላይ ወልዳ፣ ሶዶ ላይ ዘመድ ቀብራ፣ ያው እንግዳ ነበረች። ዝናቡ ሲበዛ «የዚህ አገር ዝናብ»፣ ጎመኑ ሲመራት «የዚህ አገር ጎመን» ትላለች። እኔም እትብቴ የተቀበረበትን ከተማ በእሷ ዓይን ነበር የማየው። አይቼው የማላውቀው ሸዋ ይናፍቀኝ ነበር።

ቤታችንን የሠሩት አዋ አንጁሎ ናቸው። ገባር ለጌታው ቤት ይሠራል፤ ሥርዓቱ ያ ነበር። ምሰሶውን ከዳሞታ ተራራ ሥር ቆርጠው ያመጡት፣ ጉድጓዱን ቆፍረው ያቆሙት፣ አፈሩን በእግራቸው የረገጡት እሳቸው ናቸው።

ጣሊያን ሲመጣ አባቴ ዘመተ። ተመልሶስ መጥቷል፤ ግን ወባ ይዞ ነው የመጣው፣ ብዙም ሳይቆይ እቤቱ ሞተ። ሊሞት ሲል እናቴን አንድ ነገር ብቻ አስማላት፦ «ጠመንጃዬን ለፈረንጅ እንዳትሰጪ።» እናቴም ያንን ውጅግራ በቁርበት ጠቅልላ ምሰሶው ሥር ቀበረችው። እኔ በሩን ጠብቄላታለሁ።

ጣሊያኖች ሶዶ ሲገቡ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ አሉ። ቀነ ገደቡ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ገበያው ዳር ባለው ዋርካ ላይ ይሰቀል ጀመር። አሁን ላስረክብ ማለትም መሰቀል ነው። አውጥተን ወንዝ እንዳንጥለው ደግሞ ክረምት ሲገባ አንድ ሹምባሽ ቤታችን ውስጥ ተመራብን። ሹምባሽ የሚባለው ለጣሊያን ያደረ የጥቁር ወታደር አለቃ ነው። እኔና እናቴ ማድ ቤት ገባን፤ እሱ መኝታውን ምሰሶው ሥር ዘረጋ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲመሽም ሲነጋም ጫማውን ይጠግናል፣ ስለ ልጆቹ ያወራል። ነገር ግን የእናቴ ሞት እሱ ከሚተኛበት ቁርበት ሥር ተቀብሯል፤ እሱ ደግሞ ቀንም ሌትም ከቤቱ አይጠፋም።

የዚያን ጊዜዋን ሶዶ ከተማ ናት ለማለት ያስቸግራል። ግማሹን አውሮፕላን አነደደው፤ ግማሹን ጌታና ገባር ሆነን እርስ በርስ ስንበቃቀል እኛው አነደድነው። ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው ቤት ጥቁር ክብ መሬት ነው፤ የክቡ መሐል ላይ የከሰለ ምሰሶ ቆሟል። ዝናብ ሲመታው የሚሰጠው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሰዉ አይጣላም፣ አይታረቅም። ሲተላለፍ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ያልፋል። መጣላትም ጉልበት ይጠይቃል።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት፣ አንድ ጣሊያን ከአስተርጓሚው ጋር መጣና ግድግዳችን ላይ በኖራ ምልክት አደረገ። መንገድ ሊሰፋ ነው። ቤቱ ቶሎ ካልተነሣ ይቃጠላል፤ ቦታው ተቆፍሮ ይደለደላል ተባልን።

እናቴ ምልክቱን አይታ ማድ ቤት ገባችና መቀነቷን አጠበቀች። «የሺ፣ ተነሺ። ሸዋ እንሄዳለን።»

«ጠመንጃውስ?»

«ዝም በይ!»

«ሲቆፍሩ ያገኙታል እኮ እማዬ። የማን ቤት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ገና ከመንገድ ሳንወጣ ይይዙናል።»

ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። አዋ አንጁሎ የመጡት እዚህ ላይ ነው። ጣሊያን ገባርነት ቀርቷል ካለ ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። እናቴ ስታያቸው ሊያባርሩን የመጡ መስሏት ተነሣች።

«እሜቴ፣ ቤቱ ይነሣል» አሉ።

«ማን ያነሣዋል? ዛሬ ገባር የለኝ።»

«ገባር አላልኩም። ሰው ነው ያልኩት።»

«የትስ ይወሰዳል?»

«ከኔ እንሰት ዳር ቦታ አለ።»

«ለምን?» አለች እናቴ ተጠራጥራ። «እኔ ለአንተ ምን አድርጌልህ?»

አዋ አንጁሎ ከልባቸው አሰቡ። «ምንም» አሉ። «ባዶ ቦታ ግን ሰለቸኝ። ይሄ ቤት ከጠፋ ነገ ጠዋት አንድ ባዶ ቦታ ይጨመርብኛል። ደክሞኛል።»

ቤት የሚነሣው እንዲህ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ይፈታል፤ ረጃጅም እንጨት ከሥሩ ይገባል፤ ሰው ዙሪያውን ይዞ በትከሻው ይሸከመዋል። ምሰሶው ከሥሩ ይነቀልና ከጣሪያው ጋር እንደታሰረ፣ እንደ ደወል ምላስ ተንጠልጥሎ አብሮ ይሄዳል። ምሰሶው ሳይነቀል ጣሪያው ንቅንቅ አይልም። እናቴም ይህን ታውቃለች። «ምሰሶው ከወገቡ ይቆረጥ» አለች። አዋ አንጁሎ ገብተው ምሰሶውን አዩት፤ ሹምባሹ አጠገቡ ተቀምጦ ጫማውን እየሰፋ ነበር። ጎንበስ ብለው የሥሩን አፈር ነካ አደረጉና ቀና አሉ። «የተቆረጠ ምሰሶ ቤት አያቆምም» ብቻ ብለው ወጡ።

በማግስቱ ሰው ለመጥራት ሲወጡ እኔን አስከተሉኝ። በወላይታ ቤት የሚያስነሣ ሰው ፊቱን ማሳየት አለበት። ጠሪው ደጅ ያለው ሣር ላይ ይቆማል፤ «ነገ ቤት ይነሣል» ይላል፤ ይሄዳል። እሺ በል አይባልም፣ እምቢ አይባልም። የማይፈልግ ነገ ይቀራል፤ በቃ። ፊት ለፊት መለመንም፣ ፊት ለፊት መንፈግም ነውር ነው።

ከሶዶ ጋር የተዋወቅኩት ያን ቀን ነው፣ እዚያው ተወልጄ።

ጉሙ ከዳሞታ ላይ ገና አልተነሣም ነበር። አዋ አንጁሎ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ የተቃጠለ ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው በባለቤቱ ስም ይጠሩታል። «የዶጌሶ ቤት፣ ሳሮ!» ትንሽ እንደሄድን፣ «የባሻ ወልዴ ቤት፣ ሳሮ!»

«ለነፍጠኛውም ነው ሰላምታው?» አልኳቸው፤ ባሻ ወልዴ የአባቴ ጓደኛ ነበር፣ በጭካኔው የታወቀ።

«ቦታው ምን አጠፋ?»

«ግን እኮ ማንም የለበትም።»

«ልጅ ሆኜ የኛ ቤት ተቃጠለ» አሉኝ ሳይዞሩ። «በአያትህ ዘመቻ ነው። እናቴ ከጫካ ተመልሳ ባዶውን ቦታ ሳሮ አለችው። ቤት መሆኑን እንዳይረሳ ነው አለችኝ። አንዳንዱ ይረሳል። ስንት ቦታ አለ፣ አሁን ከብት የሚግጥበት።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳቸውም። ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ። አንዲት ሴት የገዛ ቤቷ አመድ ላይ ዱባ ተክላ፣ ሐረጉ የከሰለውን ምሰሶ ይዞ ወጥቶ አናቱ ላይ ቢጫ አበባ አውጥቷል። «አመድ ለዱባ ጥሩ ነው» አለችን፣ እንደመሳቅም እንደማፈርም ብላ። አንድ ሸማኔ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ኮባ ጋርዶ ይሸምናል። ቀጥቃጩ ዘንድ ስንደርስ ከአውሮፕላን የወደቀውን የቦምብ ብረት አግሎ ማጭድ ያወጣበታል። «ጥሩ ብረት ነው» አለን፣ «ሌላም ቢጥሉ ግን አልፈልግም።» በቆሎ የምትጠብስ ልጅ እኔን አይታ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፤ ኋላ ግማሽ በቆሎ ሰብራ ሰጠችኝ። ሁሉም ደክሟቸዋል። ሁሉም ደክሟቸው እያለ አንድ ነገር ይሠራሉ። ሰው ከተማን የሚወደው ሲያምርበት ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ሶዶን እንደታመመ ሰው ነው የወደድኳት፤ ሲተነፍስ እያዳመጡ፣ አሁንም ይተነፍሳል እያሉ።

ከሁሉም ቤት የፈራሁት የዛላን ቤት ነው። ዛላ የአባቴ ገባር ነበር፤ ግብር አጎደልክ ብሎ አባቴ ደጃችን ላይ አስገርፎታል። እኛን እንደሚጠላ አገር ያውቃል። አዋ አንጁሎ ደጁ ቆመው፣ «ነገ ቤት ይነሣል» አሉ።

ዛላ ከበሩ ብቅ አለ። «የማን ቤት?»

«የዚች ልጅ።»

ዛላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋው። በዚያ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነው።

ስንመለስ ገበያው ዳር ዋርካው ሥር መጣን። ያን ዕለት ማንም አልተሰቀለበትም፤ ገመዱ ግን አለ። ገመዱን እያየሁ ቆምኩ። አዋ አንጁሎ ዞር አሉ።

«ያንን ምሰሶ የተከልኩት እኔ ነኝ» አሉ በዝግታ። «ሥሩ ያለው አፈር እኔ የረገጥኩት አይደለም። ሰው ነካክቶታል።»

አፌን ከፈትኩ።

«አትንገረኝ» አሉ ቶሎ ብለው። «ያልሰማሁት ነገር ገርፈውኝም አይወጣኝ። ና፣ እንሂድ።»

በነጋታው እናቴ ሽሮዋን ሠርታ ጠበቀች። ከሰው ይልቅ ጉሙ ቀደመ። ማንም የሚመጣ አልመሰለንም። ኋላ አንድ ሁለት እያሉ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ወላይታዎቹ በአንድ በኩል ቆሙ፤ እንደኛ ያሉት የሸዋ ወታደር ልጆች በሌላው በኩል። ከተቃጠለው ከተማ ወዲህ አንድ ደጅ ላይ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው። ዛላም መጣ! ዱላውን ተደግፎ ከሁሉም ኋላ ቆመ። ለምን እንደመጣ አልገባኝም። ሹምባሹ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ሽሮ ብቻ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ወላይታ ድስቱን ከፍቶ። «እሜቴ፣ ቅቤ የለም?»

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች እናቴ።

«ቤቱ ረቡዕን አያውቅም። ያው ከባድ ነው።»

ሳቅ ተነሣ። አዋ አንጁሎ ያንን ሳቅ ይዘው ሰዉን መደልደል ጀመሩ፤ አንድ ወላይታ፣ አንድ የወታደር ልጅ፣ አንድ ወላይታ። አንዱ ወደ ወገኖቹ ሊጠጋ ሲል፣ «ጣሪያ ክብ ነው፣ ወገን የለውም። እዚህ ግባ!» አሉት።

ጣሪያው ከግድግዳው ተፈታ። ቀጥሎ ምሰሶው ነው። ሁለት ጎልማሶች ዶማ ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። እናቴ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አጣብቃ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አዋ አንጁሎ ዱላቸውን አነሡ።

«ቁም!»

ሰዉ ቆመ።

«ምሰሶ ሲነቀል ወንድ አያይም። የቤቱ ሴትና አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው የሚነቅሉት። ሌላው ይውጣ፤ ጀርባውን ያዙር። ያየ ሰው የራሱ ቤት ይፈርሳል።»

እኔ ሶዶ ነው ያደግኩት፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሰምቼ አላውቅም። ከደጁ የቆሙት ወላይታዎችም ሰምተው አያውቁም፤ ሲተያዩ አየሁ። ዶማ የያዙት ጎልማሶች እናቴን አዩ፣ ምሰሶውን አዩ፣ ገባቸው። ሁሉም ገባው። ከመሐላቸው ግማሹ በዚያ ጠመንጃ ሲገዛ የኖረ ነው። አንድ ቃል ቢወጣ እናቴ ዋርካው ላይ ነች፤ አዋ አንጁሎም አብረዋት።

ሹምባሹ ተነሣ። «እኔ ቤት ሲነሣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የት አለ?» ዓይኑን በሰዉ ላይ አዞረና ዛላ ላይ አሳረፈው። «አንተ! አንተ የዚህን ቤት ሰዎች እንደምትጠላ ነግረውኛል። እውነቱን ተናገር። ይህ ሥርዓት አለ?»

ዛላ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በበሩ በኩል እናቴን አያት፤ ብዙ አያት።

«አለ» አለ።

«ታዲያ እኔ እንዴት አላየሁም?»

«ጀርባህን አዙረህ ይሆናላ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። ሹምባሹም ሳይወድ ፈገግ አለ። ዛላ ግን አልሳቀም፤ በዝግታ ዞረና ጀርባውን ሰጠን። ከዚያ አጠገቡ ያለው ዞረ። ከዚያ ሌላው። የወላይታው ጀርባ፣ የወታደር ልጅ ጀርባ፣ ሁሉም ወደ ጉሙ ዞሮ ቆመ። በመጨረሻ ሹምባሹ ራሱን ነቅንቆ፣ «የናንተ አገር ሥርዓት አያልቅም» ብሎ ዞረ።

አዋ አንጁሎ ቆፈሩ፤ እኔና እናቴ አፈሩን በእጃችን ዛቅን። ቁርበቱ ሲወጣ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዋ አንጁሎ ጥቅሉን ተቀብለው ጫፉን ገለጥ አደረጉና ለአፍታ አዩት። ያ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ሆኖ ስንት ዓመት ከፊታቸው ሲሄድ አይተውታል።

«ትንሽ ነው ለካ» አሉ።

ከዚያ በኮባ ጠቅልለው ከምሰሶው ጋር አስተካክለው በገመድ ጥምጥም አድርገው አሰሩት። ለሚያየው ሰው የተሰነጠቀ ምሰሶ መጠገኛ ነው የሚመስለው። «ዙር!» ብለው ጮኹ።

ጣሪያው ሲነሣ የሰማሁትን ድምፅ ዳግመኛ ሰምቼ አላውቅም፤ ቤቱ ራሱ እፎይ ያለ ይመስላል። እኔ ከሥሩ ገብቼ ምሰሶው እንዳይወዛወዝ ይዤ አብሬ ተራመድኩ። ከጣሪያው ሥር ሆኖ የሚታየው እግር ብቻ ነው። ያ ሁሉ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ለብሶ ነበር፤ የቱ የገባር ልጅ እግር፣ የቱ የወታደር ልጅ እግር እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። በገበያው ዳር፣ በዋርካው ሥር አለፍን። ሹምባሹ ከፊት እየሄደ፣ «ዞር በሉ! ቤት እያለፈ ነው!» እያለ መንገድ ያስለቅቅልን ነበር። ሰው ሁሉ ከየፍርስራሹ ብቅ ብሎ ያየናል፤ ሴቶች እልል ይላሉ። የቀጥቃጩም መዶሻ ቆመና ሰውየው ራሱ እየሮጠ መጥቶ ትከሻውን ከጣሪያው ሥር ሰጠ።

አዋ አንጁሎ በእንሰታቸው ዳር ግድግዳውን ቀድመው በእንጨት አቁመውት ነበር። ጣሪያው ተቀመጠ፤ ምሰሶው ከነማሰሪያው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ አዋ አንጁሎ ራሳቸው አፈሩን ረገጡት። ሹምባሹ ከዚያ ወዲያ መንገድ ሠሪዎቹ ሰፈር ተመራ፤ እኛ ዘንድ አልተመለሰም።

እናቴ ውኃ ይዛላቸው መጣች። «ይጠጡ እንጂ» አለቻቸው። አዋ አንጁሎ ከኋላቸው ትልቅ ሰው የመጣ መስሏቸው ዞር ብለው አዩ። ማንም አልነበረም።

ዛላ ዱላውን አንሥቶ ሊሄድ ሲል እናቴ ተከተለችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ሌላ ቃል አጣች።

«ለአንተ ብዬ አይደለም» አላት ዛላ፤ እሱም ሴቱን አንተ ነው የሚለው። «ለባልህም አይደለም። ሰው ሲሰቀል ማየት ደክሞኝ ነው።» ሄደ። እስኪሞት ድረስ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ እናቴ ስትሞት ግን አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ጠመንጃው ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቆፍረን አወጣነው። እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል፤ ብረቱን ዝገት በልቶታል። እናቴ አላለቀሰችም። ለቀጥቃጩ ሰጠችው።

እኔ ግን ስለ አዋ አንጁሎ ሳስብ የሚመጣልኝ ያ ሁሉ አይደለም። የሚመጣልኝ ቤቱ በተነሣበት ዕለት፣ ሰው ተበታትኖ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያለው ነው። እናቴ ቤቱን ስትዞረው ቆየችና ድንገት ጮኸች።

«አንጁሎ! ኧረ በሩ ዞሯል!»

የድሮው በራችን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሸዋ መንገድ ነበር የሚያየው፤ እሷ ራሷ ናት እንዲያ ይሁን ብላ ያሠራችው። አዲሱ በር ቁልቁል ከተማዋን ያያል፤ ከነጥቁር ክቦቿ፣ ከነከሰሉት ምሰሶዎቿ፣ አንዷም ሳትቀር ትታያለች።

አዋ አንጁሎ በሩን አዩት፣ ከተማውን አዩት። «የበሩን ቦታ የተውኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ፊቴን የት አዙሬ እንደነበር እንጃ። ደክሞኝ ነበር።»

«ታዲያ ይመለስልኛ!»

«ሰዉ ሄደ እኮ እሜቴ። በል እስቲ ዛሬን እንዲሁ ቁጭ በል።»

ዱላቸውን ይዘው በእንሰቱ መሐል ገቡ። እናቴ እየተቆጣች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሌላ መቀመጫ አልነበረምና። ከታች እዚህም እዚያም የራት ጭስ መነሣት ጀመረ።

«ያ ጭስ የማነው?» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምታወራ።

«የቀጥቃጩ ነው» አልኳት። ትናንት ዞሬው የለ። «ማጭድ ይሠራል።»

«ከጎኑ ያለውስ ቢጫ ነገር?»

«ዱባ ነው፤ አበባው። አንዲት ሴት አመዱ ላይ ተክላው ነው።»

«አመድ ላይ?» አለች እናቴ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሳበችና አንገቷን አሠገገች። «ያኛውስ?»